ብርዛፍ አልባልም ያለች ምራት

በስቶክሆልም ዳርቻ በሮግስቬድና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር በአረንጓዴው መስመር የምትመላለሱ፣ ዶክተር የሆናችሁም ሆነ ዶክተር ካልተባልን አንሰማም የምትሉ ሁሉ! ይህ ቃል ይድረሳችሁ። ቁመታቸው ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ እምብዛም የማይርቅ፣ ግዛታቸው ወጥ ቤቱ ተቆጥሮ ሁለት ክፍል የሆነ፣ ሠራዊታቸው መስኮቱ ላይ የተደረደሩት የአበባ ማሰሮዎች የሆኑ፣ በእግዚአብሔር ቸርነትና በስዊድን ጡረታ የሚኖሩት ክብርት ወይዘሮ ሸዋሉል፣ ስም የማውጣት ሥልጣናቸውን በአደባባይ ተገፈዋል። የገፈፈቻቸውም የገዛ ምራታቸው ናት። የሰማህ ጎረቤትህን ቀስቅስ፤ የተኛኸው ደግሞ ተኛ፣ የሐበሻው ማኅበር እስኪሰበሰብ ገና ነው።

አትሳቁ። በሮግስቬድ ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን የያዘ ሐበሻ እስካሁን አልታየም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ብርሃነ ሥላሴ እንኳ፣ አፈር ሲመረምሩ ኖረው በጡረታቸው ስብሰባ የሚቆፍሩት፣ ማኅተም አላቸው እንጂ ሥልጣን የላቸውም። ወይዘሮ ሸዋሉል ግን ለአንድ ሰው ስም ካወጡለት አለቀ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቢያመለክትም አይፋቅለትም። ከቤቱ ሳይወጣ በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚለውን ባለታክሲ «ደረስኩ» አሉት፤ ዛሬ ሚስቱም የምትጠራው ደረስኩ ብላ ነው። ድግስ ላይ «እኔ እንኳ አልበላም» እያለች ደጋግማ የምታስጨምረዋን ሴት «አልበላም» አሏት። ዶክተሩንም፣ ምሳ ያለ አጀንዳ መጀመር ስለማይሆንላቸው፣ «አጀንዳው» ብለዋቸዋል። ይህን ስም ከራሳቸው ከዶክተሩ በቀር ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።

ስድብ ነው እንዳትሉ። ደረስኩ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ «ደረስኩ እንዴት ዋለ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። በመታወቂያ ስሙ ቢሆን ኖሮ ማን እንደታመመ ግማሹ ሰው ባላወቀ።

ይህ እንግዲህ የዕለት ተዕለቱ ሥራቸው ነው። ትልቁ ሥልጣን ሌላ ነው። በሳቸው አገር በቡልጋ፣ ምራት ቤት ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች። አባቷ የሰጣት ስም ከደጅ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ በባሏ ቤት የምትጠራው አማቷ ባወጣችላት ነው። ወይዘሮ ሸዋሉል ራሳቸው ሲወለዱ ጽጌ ነበሩ። ሸዋሉል ያሏቸው አማታቸው ናቸው። ባላቸው አቶ ቀጸላ ለትምህርት ስቶክሆልም ሲመጡ ተከትለው መጡ፣ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖሩ፣ ጡረታ ወጡ፤ የስዊድን መንግሥት ግን እስከ ዛሬ ጽጌ ነው የሚላቸው። የጤና ጣቢያው ነርስ ወደ ኮምፒዩተሩ እያየች «ትሲጌ» ብላ ስትጣራ ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጽጌ የመንግሥት ናት፤ ሸዋሉል የቤት ናት። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ቤትም መንግሥትም አያውቅም።

አቶ ቀጸላ ካረፉ ወዲህ ከዚያ ቤት የተረፈው አንድ ልጃቸው ሐዋዝ ነው። ሐዋዝ ሶለንቱና ይኖራል፤ ከሮግስቬድ ሶለንቱና ማለት ከተማዋን ከታች እስከ ላይ ማቋረጥ ማለት ነው። እሱ ሀሴትን ሊያገባ ሲነሳ ወይዘሮ ሸዋሉል በልባቸው አንድ ነገር ቆረጡ፦ ይህች ልጅ ከእጃቸው ስም ከተቀበለች የሶለንቱናው ቤት የሳቸውም ቤት ይሆናል፤ ካልተቀበለች ግን በልጃቸው ቤት እንግዳ ሆነው መቅረታቸው ነው። በስዊድን አገር እንግዳ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት የጽሑፍ መልእክት ይልካል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ይሄዳል።

ሀሴት ከሐበሻ ወላጆች ስዊድን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ትጫወታለች። ቪዮላ ማለት የቫዮሊን ታላቅ እህት ናት፣ ወፈር ያለች፣ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ከፊት የማትቀመጥ። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። አንቱታ አልፈጠረባትም፤ ባደገችበት አገር ሚኒስትሩም ፕሮፌሰሩም በስማቸው ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሄይ ሸዋሉል!» ነው የምትላቸው፤ ያለ እማማ፣ ያለ እትዬ፣ ባዶውን። ያን ስም ባዶውን የሚጠሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አማታቸውና ባላቸው። ሁለቱም አፈር ገብተዋል። ወይዘሮ ሸዋሉል የመጀመሪያ ዕለት ሲሰሙት፣ የሞተ ሰው በሌላ አፍ የጠራቸው ያህል ደነገጡ። ለማንም አልተናገሩም።

ጋብቻው ማዘጋጃ ቤት ተፈጸመ። ወይዘሮ ሸዋሉል ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ አለቀ፤ በዚህች ከተማ ባቡር እንኳ ከዚያ የበለጠ ያስጠብቃል። ስለዚህ ወጉን በቅልቅሉ ዕለት ለመወጣት ተነሱ። ሮግስቬድ ውስጥ አንድ የማኅበር አዳራሽ ተከራዩ። በአንድ ወገን ዶሮ ወጡ፣ በሌላ ወገን ስዊድኖቹ ስሞርጎስቶርታ የሚሉት ያ ሽሪምፕ የተደረደረበት የዳቦ ኬክ ተሰለፈ፤ አልበላም የምትባለዋ ከሁለቱም አልቀረችም። ዶክተሩ ማይክሮፎኑን ያዙ። ስለ ባህል፣ ስለ ትውልድ፣ ስለ መካከለኛው ዘመን የመሬት ሥሪት ተናገሩ፤ ሙሽሮቹ ላይ ሲደርሱ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ «አሁን የሙሽራው እናት በጥንታዊው ሥርዓታችን መሠረት ስም ያወጣሉ» ብለው ማይክሮፎኑን አወረዱላቸው፤ ለቁመታቸው በጣም ማውረድ አስፈለገ።

ወይዘሮ ሸዋሉል ስሙን ለወራት ሲያውጠነጥኑት ነበር። አያታቸው ዘንድ የነበረች አንዲት ጨዋ ሴት ስም ነበር፤ እንደ ብር የምታበራ ዛፍ ማለት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ብርዛፍ ትባል» አሉ።

እልልታው ቀለጠ። ሀሴት ብድግ አለች። ተነስታ ጉልበት ልትስም ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሷ ግን በዝግታ፣ ቁጣም ሳይኖርባት፣ በስዊድንኛ «አመሰግናለሁ ሸዋሉል፣ ግን እኔ ስም አለኝ» አለችና ተቀመጠች። እልልታው ግማሽ መንገድ ላይ ተቆረጠ። ዶክተሩ ሁሉም ሰው የሰማውን ነገር ማይክሮፎኑን ተቀብለው ወደ አማርኛ ተረጎሙት። እግዜር ይስጣቸው፤ ያልሰማ የመሰላቸው ዶሮ ወጡ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ መተረክ ያሳዝናል። ሐዋዝ ሲደውል ቃላቱን እንደ እንቁላል እያስቀመጠ ነው የሚናገረው። ያቺ ልጅ ከፋት ወይ ሲሉት አልከፋትም ይላል፤ እማዬ አንቺስ ከፋሽ ወይ ሲላቸው እኔ ምን ተዳዬ ይላሉ፤ ከዚያ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ። እሑድ እሑድ ሶለንቱና መሄድ ትተው ነበር። ስም የለሽ ምራት ቤት ምን ብለው በር ያንኳኳሉ? ሀሴት ለማለት አፋቸው እሺ አላለም፤ ብርዛፍ ቢሉ ጦርነት ነው። በስልክ እንኳ «ያቺ ልጅ ደኅና ናት?» እያሉ ነበር የሚጠይቁት። ከተማውን በሙሉ የሰየመች ሴት ለአንድ ምራቷ መጥሪያ አጣች።

ዶክተሩ ሊያጽናኑ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ጸሐፊ ያሉበት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሶለንቱና እንዲወርድ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ ሸዋሉል ሻያቸውን እስኪጨርሱ ታገሡና፣ እንኳን ንዑሱ ዋናው ኮሚቴም በዚህ ቤት ነገር ደጃፌን እንዳይረግጥ ብለው ሸኟቸው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ ዶክተሩ ደረጃው ላይ አንድ ተረት ወረወሩ። በሩ ቀድሞ ተዘጋ እንጂ፣ መልአክም ቢሆን ማይክሮፎን ይዞ አይመጣም የሚል ሰው በዚያ ቤት አልታጣም ነበር።

የደወለችው ሀሴት ራሷ ናት። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ። አማርኛና ስዊድንኛ እያደባለቀች፣ በኦርኬስትራው ውስጥ ጧት ላይ ሰው ገብቶ የሚሰማው ልምምድ እንዳለ፣ ሐዋዝ ሥራ ላይ ስለሆነ እሳቸው ቢመጡ ደስ እንደሚላት ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሸዋሉል መጀመሪያ ጉንፋን ይዞኛል ሊሉ አሰቡ። ከዚያ ይህች ልጅ ድጋሚ ላትደውል ትችላለች የሚለው ሐሳብ መጣባቸው፤ ጉንፋኑን ዋጡትና ካፖርታቸውን ለበሱ።

ሙዚቃውን ስለ መስማታቸው ብዙ አልዋሽም። ግማሹን ሰዓት ያዩት ልጅቷን ነው። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ጋር አንድ ላይ ትተነፍሳለች፤ ቀስቷን ስታነሳ ከጎኗ ያለው ሰውዬ ያነሳል፣ ስታወርድ ያወርዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ተያይተው ሳቅ አሉ። ወይዘሮ ሸዋሉል ያ ሳቅ ምን እንደሆነ አላወቁም። ልጃቸውን ያገባችው ሰው የምትስቅበትን ነገር አለማወቃቸው ያኔ ታያቸው።

በእረፍቱ ሀሴት ሙዚቀኞቹ ፊካ የሚሉትን የእረፍት ቡና ወደሚጠጡበት ክፍል ወሰደቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የቀረፋ ዳቦ አለ፣ አንድ ጢማም ባስ ተጫዋች ዳቦውን እያላመጠ «ዛሬ እንጉዳዩ ቪዮላዎቹን ገደላቸው» አለ። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ይህን ስትሰማ ምን ታደርጋለች? ወይዘሮ ሸዋሉል ማን ምን እንደበላ ለማወቅ ሳህኖቹን አዩ። ሀሴት ሳቀች። እንጉዳይ የሚሉት የሚለማመዱትን ሙዚቃ የደረሰውን ሹበርትን መሆኑን አስረዳቻቸው።

«አጭር፣ ወፈር ያለ ሰው ነበር። ጓደኞቹ እንጉዳይ ነው የሚሉት።»

«በፊቱ?»

«በፊቱ።»

«እሱስ አይቆጣም?»

«አብሯቸው ይጠጣ ነበር።»

ጢማሙም ተጨምሮበት ነገሩን አራዘሙት። ሹበርት ሌላም ስም ነበረው፤ አዲስ ሰው ወደ ጓደኞቹ ሲቀላቀል «ምን ይችላል?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ እሱኑ «ምን ይችላል» ብለው ይጠሩት ነበር። ሃይድን የሚባለውን ሥሩ የሚሠሩት ሙዚቀኞች አባባ ይሉት ነበር፤ ጌታው ሲከለክላቸው እሱ ስለሚለምንላቸው። ቤትሆቨንን ደግሞ ፊቱ ጠየም ስላለ በልጅነቱ ስፔናዊው ይሉት ነበር ይባላል። ወይዘሮ ሸዋሉል የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ምስላቸው በእብነ በረድ ተቀርጾ በየአዳራሹ የተተከለው፣ ፊታቸው እንደ ዳኛ የተቋጠረው እነዚህ ሁሉ ሰዎች፣ ለካ የደረስኩና የአልበላም ዘመዶች ናቸው! እሳቸው ያኔ ቢኖሩ ኖሮ በእነዚህ ሰዎች ከተማ በቪየና ሥራ አያጡም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ ባዕድነቱ ለቀቃቸውና ዳቦ አነሱ።

ይህን ጊዜ ነው ጢማሙ «ሃሴ፣ ወተቱን አቀብዪኝ» ያለው። ሀሴት አቀበለችው።

የወይዘሮ ሸዋሉል ዳቦ ከአፋቸው መለስ አለ። ሃሴ በስዊድን አገር የወንድ ስም ነው፤ ያውም ሃንስ የተባለ፣ ጋራዡ ውስጥ ጀልባ የሚጠግን፣ ቅዳሜ ሳውና የሚገባ ሰውዬ የቁልምጫ ስም ነው።

«ሃሴ የሚልሽ አንቺን ነው?»

«አዎ፣ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

«ማን አወጣልሽ?»

ሀሴት አሰበች። ማን እንደጀመረው አላወቀችም። ሰሜን አገር ለኮንሰርት ሲሄዱ አውቶቡሳቸው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ እሷ ወርዳ ከሾፌሩ ጋር አካፋ ይዛ ስትቆፍር፣ ስትራገም፣ እጅጌዋን ሰብስባ ስትገፋ ያዩዋት ጊዜ ነው። ሲመለሱ ሃሴ ሆና ተመለሰች።

ወይዘሮ ሸዋሉል አንገታቸውን ደፉ። ሊሉት ያልፈለጉት ነገር ወጣ። «የዚህን ጢማም ተቀበልሽ። የኔን ግን እንቢ አልሽ።»

ልጅቷ ስዊድንኛውን ተወችው። ቃል በቃል እየፈለገች፣ በዚያ አንቱታ በሌለው አማርኛዋ እንዲህ አለቻቸው፦ «አንቺ እኮ አታውቂኝም።»

አማቷን አንቺ ማለቷ አንድ ጥፊ ነው። እውነት መሆኑ ሁለተኛው። ወይዘሮ ሸዋሉል ሁለተኛውን ሲቀበሉ የመጀመሪያውን ረሱት።

«አንቺን ሸዋሉል ሲሉሽ ደስ አለሽ?» ጠየቀቻቸው ቀጥላ።

ደስ አለኝ ማለት ቀላል ነበር። በቅልቅሉ ዕለት ዶክተሩ ይህንኑ ጠይቀዋቸው ቢሆን «እንዴታ!» ይሉ ነበር። ለዚህች ልጅ ግን እውነቱን ነገሯት። ሙሉ ሳምንት አልቅሰዋል። እናታቸው በጓሮ ጽጌ እያሉ የጠሯቸውን ድምፅ ቀሙኝ ብለው ነበር ያለቀሱት። ሸዋሉል የሆኑት በድግሱ ዕለት አይደለም፤ ቆይቶ ነው፣ አማታቸው በወባ ወድቀው እሳቸው ሲያስታምሙ፣ አሮጊቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ውኃ፣ ሸዋዬ» ያሉ ዕለት። ይህን ሲናገሩ የተናገሩት ነገር ለራሳቸውም አዲስ ሆነባቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሙን ያገኙት ከድግሱ ይመስላቸው ነበር።

ሀሴት ሲኒዋን አስቀመጠች። ቀጥላ «ታዲያ ምራትስ ለአማቷ ስም አታወጣም?» አለች።

እዚህ ላይ ወይዘሮ ሸዋሉል ተያዙ። ታወጣለች እንጂ! በቡልጋ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም፤ ለአማቷም፣ ለባሏ አባትም፣ ለባሏ ወንድሞችና እኅቶችም እሷ ናት የአክብሮት ስም የምታወጣው። እሳቸውም አማታቸውን «ጥላዬ» ብለው ነበር። የወጉን ግማሽ፣ ለሳቸው የሚመቸውን ግማሽ ብቻ፣ ስቶክሆልም ድረስ ይዘውት መጡ፤ ሌላውን ግማሽ ሻንጣው ስለሞላ ትተውት ይሆናል። ዶክተሩም በዚያ ሁሉ የመሬት ሥሪት መሀል አላነሱትም።

«ታወጣለች» አሉ። «አልነገርኩሽም።»

ሀሴት አልፎከረችም። ደወሉ ተደወለ፣ ሁሉም ወደ ልምምዱ ተመለሰ፣ እንጉዳዩ ቪዮላዎቹን እንደገና ገደላቸው።

ሲያልቅ አብረው ወደ ባቡር ጣቢያው ወረዱ። ሀሴት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሶለንቱና ናት፤ ወይዘሮ ሸዋሉል ወደ ደቡብ። ተሰነባበቱ። ልጅቷ ቪዮላዋን በማኅደሩ እንዳለ በጀርባዋ አዝላ፣ ሸክሙ እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል በአንድ እጇ ከሥሩ ደገፍ አድርጋ፣ ሰው መሀል ገባች። ወይዘሮ ሸዋሉል ቆመው ከኋላ ሲያዩዋት የማኅደሩ ኪስ ተከፍቷል። የሙዚቃ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ሊወድቁ ነው። ባቡሩ ደግሞ እየገባ ነው።

መጥራት ነበረባቸው። ሀሴት ሊሉ አፋቸው አልለመደም። ብርዛፍ አይባል። ሃሴ ቢሉ የጣቢያው ሽማግሌ ግማሹ ይመጣል። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ ዓይናቸው ያየውን ምላሳቸው ጠራው።

«አንቀልቤ! አንቺ አንቀልቤ!»

ልጅቷ ዞር አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷ ብቻ።

ወረቀቶቹን አብረው ሰበሰቡ። አንቀልቤ ምንድን ነው ስትል ጠየቀች። ወይዘሮ ሸዋሉል አፈሩ፤ እናት ልጇን የምታዝልበት ቆዳ እንደሆነ፣ ያን ነገር ጀርባዋ ላይ አዝላ እጇን ከሥሩ ስታደርግ የታዘለ ሕፃን የምታባብል እንደምትመስል እየተንተባተቡ አስረዱ። ጨዋ ስም አይደለም። ግርማም የለው፤ በማይክሮፎን የሚባል አይደለም። ይቅርታ ሊጠይቁ ነበር።

«አንቀልቤ» አለች ሀሴት፣ ጫማ እንደሚሞክር ሰው። ሁለተኛ ጊዜ ደገመችው። ሳቀች፤ ይህን ሳቅ ወይዘሮ ሸዋሉል ከምን እንደመጣ ያውቁታል። ከዚያ «እሑድ እንጠብቅሻለን፣ ሸዋሉል» ብላ ባቡሩ ውስጥ ገባች። አሁንም ባዶውን።

እሑድ ሄዱ። መልእክት ሳይልኩ ሄዱ፤ ሐዋዝ በሩን ከፍቶ «አንቀልቤ፣ እማዬ መጣች» ሲል ሰሙት። ከዚያ ወዲህ የቀረው አንድ ዕዳ ነው፤ የወጉ ሁለተኛ ግማሽ። ሀሴት ለአማቷ ስም ገና አላወጣችም፣ አልቸኮለችም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ወሬው ግን ሮግስቬድ ደርሷል። ዶክተሩ የአማት ስም ጥቆማ መሰብሰብ ጀምረዋል፣ «እመ ብርሃን» እና «የጥበብ እናት» የሚሉት እስካሁን እየመሩ ነው ይባላል፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ለድምፅ ሊቀርቡ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ዶክተሩ ጥቆማ ሲጠይቁህ አፍህን ዝጋ። ያቺ ልጅ ታግኘው፤ አማቷን ትይ፣ ትቆይ፣ አብራቸው አካፋ ትያዝ፣ አንድ ቀን ከአፏ ያመልጣታል። አንተ ግን እስከዚያው ጥቆማ ከምታዋጣ፣ እስኪ ዛሬ ቤትህ ግባና ያቺን ስሟን በመታወቂያዋ ብቻ የምታውቃትን ሰው ከኋላዋ ቆመህ እያት።